ሰባት ቤት፣ ስድስት ጣት

መካነ ሰላም
መስከረም 22 ቀን 2017 ዓ.ም.
ለእኅቴ ልጅ ለትህትና
ኖርዌይ፣ በርገን
ጉዳዩ፦ የዓሣ ጣት ብዛት እንዲገለጽልኝ ስለመጠየቅ

ትናንት ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጠረጴዛዬን ዘርግቼ ባለጉዳይ ስጠብቅ፣ ከጀርባዬ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ። አንደኛዋ «የራፖር ጸሐፊው የወንድዬ እኅት ልጅ ፈረንጅ አገር የዓሣ ጣት ትቆጥራለች አሉ፤ ለዚህም ደመወዝ ይቆረጥላታል» አለች። ሁለተኛዋ «ሌላውን ቆጥረው ጨርሰው ይሆናላ» አለቻት። ሥራሽን እስከ ዛሬ በቅጡ ያስረዳኝ ስላልነበረ እንደ ተባለው ተቀበልኩት። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው አቤቱታ ስጽፍ የተማርኩት የሰሙትን እንዳለ ማስፈርን ነው፤ ማጣራት የዳኛ ሥራ ነው።

ይህን በመግቢያ ካስመዘገብኩ ዘንዳ፣ እንደምን ከርመሻል ልጄ? ብርዱስ እንዴት ይዞሻል? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ መድኃኔዓለም ይመስገን፣ ደህና ነን። ሁለቱንም ያልኩት ደብዳቤውን የሚያደርሰው ሃሩን ስለሆነ ነው፤ መንገድ ላይ ሲያነበው ቅር እንዳይለው። ያነበዋል። ኔትወርኩ ከጠፋ ወዲህ ሃሩን ከጨርቅ ንግዱ ጋር የከተማው ፖስታ ቤት ሆኗል፤ አዲስ አበባ ሲደርስ ቴምብር ይለጥፍበታል።

ወደ ፍሬ ነገሩ ስገባ፣ ልጄ የኔአለም ተጠየቀች። ልጁ ዋለ ይባላል፣ አቀስታ የግብርና ባለሙያ ነው። እሷም ትወደዋለች፤ ስሙ ሲነሳ የአንደኛ ክፍል ደብተሮቿን ማረም ስለምታቆም አውቄባታለሁ። ሽማግሌዎቹ ባለፈው እሑድ በአቶ ንጉሡ መሪነት መጡ፤ ተቀመጡ ብንላቸው እንደ ደንቡ እምቢ ብለው ቆሙ። አቶ ንጉሡ ጉሮሮውን ጠርጎ፣

«በቤታችሁ ጣት አለ ይባላል» አለ።

«ጣት የሌለበት ቤት የት አለ አቶ ንጉሡ?»

«ትርፍ ጣት ማለቴ ነው።»

«በእኛ ቤት ትርፍ ነገር ኖሮ አያውቅም» አልኩት።

ሳቁ። ግን አልተቀመጡም።

አንቺ ታውቂዋለሽ። እናትሽ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ስድስተኛዋን በግራ እጇ እንደያዘች ተቀበረች። የኔአለም ስትወለድ በሁለቱም እጆቿ ነበረባት፤ እናቷ በሰባተኛው ቀን በፈረስ ጭራ አሰረችውና ደርቆ ወደቀ። የቀረው የምስር ፍሬ የሚያህል ጠባሳ ነው። ለጠየቀን ሁሉ «እሳት ነክቷት ነው» እንላለን። በሁለት እጅ፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ልክ የነካ እሳት። አገሩ ትርፍ ጣትንና ቁምጥናን በአንድ ፋይል አስሮ ነው የሚያስቀምጠው፤ መልሼ ልለያይለት አልችልም።

ስለዚህ የምለምንሽ፣ ከምትሠሪበት ቤት ማኅተም ያረፈበት አንድ ወረቀት እንድትልኪልኝ ነው። «ትርፍ ጣት በሽታ አይደለም፣ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ ወደ ልጅም አይወርድም» ይበል። ሽማግሌ ለማኅተም ይቀመጣል።

አጎትሽ ወንድዬ

የጥያቄዬን መልስ አትርሺ። ዓሣ ስንት ጣት አለው?


በርገን
ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ወንድዬ፣

የእግዚአብሔር ሰላም ከእርስዎና ከመላው ቤተሰብ ጋር ይሁን። እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን ተሻለዎ? እኔ በጸሎትዎ ደህና ነኝ። እዚህ ዝናቡ ከመስከረም ጀምሮ አላባራም፤ ዓሣዎቹ ግን አላማረሩም።

ዓሣ ጣት የለውም ጋሼ። የምቆጥረው ጂን ነው።

ሰውነት ከራስ እስከ ጭራ በየተራው የሚታነጸው ሆክስ በሚባሉ ጂኖች ትእዛዝ ነው። እነዚህ ጂኖች እንደ መቁጠሪያ ፍሬ በክር ተሰድረው ይኖራሉ። በክሩ አንድ ጫፍ ያሉት አንገት አካባቢ ያለውን ያዝዛሉ፤ በሌላው ጫፍ ያሉት ወገብን፣ እጅ ላይ ሲሆን ደግሞ ጣትን። ሰው እንዲህ ያለ ክር አራት አለው። ከሦስት መቶ ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ግን በአንድ የዓሣ ዘር ላይ የጂኖቹ መጽሐፍ በሙሉ በስሕተት ሁለት ጊዜ ተገለበጠ። እርስዎ በካርቦን እንደሚጽፉት ማመልከቻ ይቁጠሩት፤ ዋናና ቅጂ። አራቱ ክር ስምንት ሆነ።

ሥራዬ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ከሁለቱ አንዱ ሥራውን ከያዘ ሌላው ምን ያደርጋል? አብዛኛውን ጊዜ ፊደሉ እየረገፈ ይጠፋል። አንዳንዴ ሁለቱ ሥራውን ይካፈሉታል። አልፎ አልፎ ቅጂው ማንም ያላሰበውን አዲስ ሥራ ይጀምራል። እኔ የማረባት ዜብራ የምትባል ጣት የምታህል ዓሣ ከስምንቱ ክር አንዱን አራግፋ ዛሬ በሰባት ትኖራለች። እነዚህን ጂኖች አንድ በአንድ እየሰበርን ምን እንደሚጎድላት እናያለን። ችግሩ ብዙ ጊዜ ምንም አይጎድላትም፤ ዋናው ሲሰበር ቅጂው ይሸፍናል።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ በሽታ አይደለም፣ አይተላለፍም የሚለውን እጽፋለሁ። ወደ ልጅ አይወርድም የሚለውን አልጽፍም፤ ይወርዳል። የኔአለም ከምትወልዳቸው ግማሹ ይይዙታል ብሎ ማሰብ ነው። አዝናለሁ፤ የሚለው ቁጥሩ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።

አንድ ነገር ግን አለ። የእማዬን እጅ ፎቶግራፍ ለአለቃዬ አሳየኋቸው። ወንበር ስበው ተቀመጡ። የሰው ልጅ ጣትን ለሚያዝዘው ጂን ቅጂ ክር ስለሌለው ስብራቱ ፊት ለፊት ይታያል። «ሃያ ዓመት ስፈልገው የኖርኩት እናትሽ እጅ ላይ ነበር» አሉኝ። ምን እንደሚባል ስላላወቅሁ አመሰገንኳቸው።

አርባ ብልቃጥ ልኬአለሁ። ጣቱ ካለበትም ከሌለበትም ዘመድ ምራቅ፣ የሁለት እጅ ፎቶግራፍ፣ የዘር ሐረጉን ሰንጠረዥና የእያንዳንዱን ሰው የፈቃድ ፊርማ ቢልኩልኝ፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ወዲያው ይመጣል። ኮንትራቴ በመጪው ክረምት ያልቃል፤ ይህ ከተሳካ ይታደሳል።

የኔአለምን ሳሙልኝ።

ልጅዎ ትህትና


መካነ ሰላም
ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጉዳዩ፦ የሠላሳ አንድ ሰው ምራቅ ስለመላክ

የእኅቴ ልጅ፣ በያለሽበት አላህ ይጠብቅሽ፣ የእመቤታችን ጥላ አይለይሽ።

ደብዳቤሽን ለየኔአለም አነበብኩላት። «ግማሹ» የሚለውን ዘለልኩት። ዓሣም እንደ ክርስቲያን ሰባት ቤት እንደሚቆጥር ግን ነገርኳት። ሳቀችና «ስምንተኛው ቤት የት ገባ?» አለችኝ። እኔ እንጃ፣ እንደኛዎቹ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ኢሉባቦር ሰፍሮ ቀርቶ ይሆናል አልኳት።

የምራቁ ነገር ዘዴ ይፈልግ ነበር። ዕድሜ ልኩን እጁን ደብቆ የኖረ ሰው «ለሳይንስ ነው» ብትይው አያወጣውም። ስለዚህ አንድ ድርጅት ትርፍ ጣት ላለው ሁሉ ለብርድ የሚሆን ባለ ስድስት ጣት ጓንት በነፃ ሊያድል ነው፣ ልኩም የሚወሰደው በፎቶግራፍና በምራቅ ነው ብዬ አስወራሁ። ምራቅ ለጓንት ምን ያደርጋል ያለኝ አንድ ሰው የለም።

ቅዳሜ ጠረጴዛዬን በራፌ ላይ ዘረጋሁ። ይህን ያህል ዘመድ እንዳለን አላውቅም ነበር። ከትንሿ ጣት ጎን የተንጠለጠለ አለ፤ መካከለኛውና የቀለበቱ ተጣብቀው ሌላ አጥንት መሐላቸው ያቀፉበት አለ። አርባ ዓመት ጎረቤቴ የሆነ ሰው ግራ እጁን ከኪሱ ሲያወጣ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት፤ እስከ ዛሬ ኩራት ይመስለኝ ነበር።

«ጓንቱ መቼ ነው ወንድዬ?»

«መንገድ ላይ ነው።»

«ስድስተኛዋ ከወዲህ ናት ከወዲያ?»

«እንደየሰዉ ነው የሚሰፋው።»

«አጀብ! አላህ ጀዛቸውን ይክፈላቸው!»

አንዱ አምስት ጣት ይዞ ተሰለፈ። «አንተ ሙሉ ነህ፣ ሂድ» ስለው «ታዲያ አምስቱ አይበርዳቸውም?» ብሎ ተከራከረኝ። እንደ ሕግ ሰው ክርክሩ አሳማኝ ነበር፤ እሱንም ትርፍ ጣት ከሌለባቸው ጋር መዘገብኩት።

የፈቃድ ቅጹን እኔው ሞላሁት፣ እኔው ፈረምኩት። የሠላሳ አንድ ሰው ፊርማ በአንድ እጅ መፈረም ወንጀል ነው፤ አንቀጹን በቃሌ አውቀዋለሁ። የብዕሩን ቀለም አራት ጊዜ ቀያይሬአለሁ።

አሁን ወደ ጨነቀኝ ነገር ልግባ። ማምሻውን ያልጠበቅኋቸው አሮጊት መጡ። የመጡት ከአቀስታ ልጃቸውን ሊጠይቁ ነው፣ ወሬው እዚህ ደረሳቸው። የሺእመቤት እባላለሁ አሉ። አወቅኋቸው፣ የዋለ አያት ናቸው፤ እሳቸው እኔን አላወቁኝም። ቀኝ እጃቸውን ከነጠላቸው ሥር አወጡና ጠረጴዛዬ ላይ እንደ ሰነድ አስቀመጡት። ስድስት ነው። «ባሌ አንድ ቀን ሳያየው ነው የሞተ» አሉኝ። «በግራ አብልቼው ኖርኩ። ግራኝ ናት ይሉኝ ነበር።» ከእኛ ቤት ጣት አለ ብለው ሽማግሌ ያስጠየቁት ሰዎች ይህን አያውቁም።

እንግዲህ ጣት እንደ ርስት የሚወርድ ከሆነ ጉዳዩ ከባድ ነው። የአምስተኛው አያታችን የወርቄ ወንድም በክፉ ቀን አቀስታ ወዳለበት ወደ ለጋምቦ ተሻግሮ ቀረ ይባላል። አቀስታዎቹ ደግሞ ቤት ሲቆጥሩ አምስተኛው ላይ ስም የላቸውም፤ «መጤ ነበር» ብለው ይዘሉታል። ያ መጤ የወርቄ ወንድም ከሆነ የኔአለምና ዋለ ከሰባት ቤት ወዲህ ዘመድ ናቸው፤ ተክሊሉ አይደረግም።

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ሚያዝያ 26 ነው። ከዚያ በፊት መጋቢት 28 ሁለታችንም ወገን መሪጌታ ኪዳነማርያም ፊት ቆመን ሰባት ቤታችንን ጮክ ብለን እንቆጥራለን፣ «ዝምድና አላውቅም» ብዬም እምላለሁ። ለሌላ ሰው ብዙ መሐላ ጽፌአለሁ፣ ግማሹም ሐሰት ነበር። በገዛ አፌ ግን አንድም አልማልኩም።

ስለዚህ ንገሪኝ። የአቀስታው ጣትና የእኛ ጣት ከአንድ አያት ነው ወይስ አይደለም? የልጄ ትዳር ያለው በዚህ መልስ ላይ ነው። የአሮጊቷ ብልቃጥ ሠላሳ አንደኛው ነው።

አጎትሽ ወንድዬ


በርገን
የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ወንድዬ፣

ለጤናዎ እንደምን ከረሙ? መጪውን ዐቢይ ጾም በሰላም ያስጀምርዎ፣ ለብርሃነ ትንሣኤው ያድርስዎ። የኔአለምስ እንዴት ናት? ተማሪዎቿ በረቱ?

ብልቃጦቹ አንድም ሳይሰበሩ ደረሱ። ሰንጠረዥዎን አለቃዬ ግድግዳ ላይ ለጥፈውታል፤ ከዚህ የበለጠ ንጹሕ የዘር ሐረግ አይቼ አላውቅም ብለዋል። ስለ ጓንቱም ነገርኳቸው፤ እንባቸው እስኪፈስ ነው የሳቁት። ለማስታወሻ አንድ ጥንድ የላብራቶሪ ጓንት ልኬልዎታለሁ። አምስት ጣት ነው።

ዓሣዎቹ ደህና ናቸው። በዚህ ወር ዋናውንም ቅጂውንም አንድ ላይ ሰበርንባቸው። አንዱ ብቻ ሲሰበር ምንም ያልመሰላት ዓሣ ሁለቱም ሲሰበሩ ክንፏ አጭር ሆኖ ወጣ። ክንፏ የኛ እጅ ማለት ነው። በጣም የሚያምር ውጤት ነው።

ማኅተም ያለበት ወረቀት በዚሁ ፖስታ ውስጥ አለ፤ ሦስት ቦታ አስመታሁልዎ።

አንድ ውለታ ብቻ ልጨምር። የወይዘሮ የሺእመቤት ፎቶግራፍ ደብዛዛ ነው። የቀኝ እጃቸውን ራጅ አስነሥተው ቢልኩልኝ ትልቅ ነገር ነው። እባክዎ ሳይዘገይ።

ልጅዎ ትህትና


መካነ ሰላም
የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጉዳዩ፦ መልስ ስላልተሰጠበት ጥያቄ

ልጄ ትህትና፣ ጾሙን የበረከት ያድርግልሽ፤ የሃሩንም ረመዳን ገብቷልና ሁለታችንም ተርበን ነው ይህ ደብዳቤ የሚላክልሽ።

ወረቀቱ ደርሷል። አቶ ንጉሡ ማኅተሞቹን አንድ በአንድ በጣቱ ዳሰሰና ተቀመጠ። ሁሉም ተቀመጡ። የኔአለም ጓዳ ሆና ሰምታ ስታለቅስ በግድግዳው በኩል ሰማኋት፤ የደስታ ነው። የላክሽውን ጓንት ወስዳ ከሠርግ ልብሷ ጋር አስቀምጣዋለች።

ራጁም ይኸው። አቀስታ ድረስ ሄጄ አሮጊቷን ወደ ደሴ ወሰድኳቸው፤ ለቤተሰቡ ዓይናቸውን ለሐኪም ላሳይ ነው አልኩ፣ ለእሳቸው ለጓንቱ የአጥንት ልክ ነው አልኳቸው። መኪናው ውስጥ «እኔ ስሞት ነው የሚደርሰው» ይሉ ነበር። ዋለ አያቱን ስላሳከምኩለት ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። ስለ ዓሣው ክንፍ ጻፍሽልኝ፤ የጠየቅኩሽን አልመለስሽም። እኔ በምሠራበት ሙያ ተከሳሽ በመልሱ ላይ በግልጽ ያልካደው ነገር እንደታመነ ይቆጠራል። ይህን በስንቱ ላይ አስፈርጄበታለሁ። ስለዚህ አስቀድሜ አሳውቅሻለሁ። ዝምድና ከሌለ «የለም» ብለሽ ጻፊልኝ፤ አንዲት ቃል ትበቃኛለች። ዝም ካልሽ ግን አለ ማለትሽ ነው ብዬ እወስደዋለሁ።

መጋቢት 28ን አትርሺ።

አጎትሽ ወንድዬ


በርገን
መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ወንድዬ፣

እንኳን ለደብረ ዘይት በዓል በሰላም አደረስዎ። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ራጁ ደርሷል። እጅግ ግልጽ ነው፤ ከዚህ የተሻለ አይገኝም። ወይዘሮ የሺእመቤትን አመስግኑልኝ።

የጻፉልኝን ሁሉ በጥሞና አንብቤአለሁ። ሁሉንም በጊዜው እጽፍልዎታለሁ። እስከዚያው በርቱ። የኔአለምን ሳሙልኝ።

ልጅዎ ትህትና


መካነ ሰላም
ግንቦት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጉዳዩ፦ ስለ ቆጠራው ውሎ

ልጄ ትህትና፣ ሰላምታዬ ይድረስሽ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ በቆጠራው ዋዜማ ነው። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። «የለም» የሚል ቃል ፈለግሁ፤ «በርቱ» የሚል አገኘሁ። በርቱ የሚባለው ለቅሶ ላይ ነው።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ በግቢያችን ተሰበሰብን። አቀስታዎቹ በአንድ መኪና ሃያ ሦስት ሆነው መጡ፤ እትዬ የሺእመቤት ከፊት ወንበር ነበሩ። ዋለ ከበር ቆሞ የኔአለምን በዓይኑ ይፈልጋል። መሪጌታ ኪዳነማርያም መስቀላቸውን ይዘው «የወንዱ ወገን ይጀምር» አሉ። አቶ ንጉሡ ቆጠረ። አምስተኛው ላይ ሲደርስ «መጤ» ብሎ አለፈ። ከዚያ እኔ ቆጠርኩ። አምስተኛው ላይ ስደርስ «ወርቄ፣ ወንድሙም ወደ ለጋምቦ የሄደ» አልኩና ቆምኩ።

«ቀጥል እንጂ» አሉ መሪጌታ።

«ምዬ መቀጠል አልችልም» አልኩ። «ይህ ጋብቻ አይሆንም። ዘመድ ናቸው።»

የሆነውን ሁካታ ልተውልሽ። አቶ ንጉሡ «ማስረጃ!» ብሎ ጮኸ። ማስረጃ ሲባል እኔ ሌላ ሰው እሆናለሁ፤ ሙያ ነው። ወደ አሮጊቷ ዞርኩና «እትዬ የሺእመቤት፣ ቀኝ እጅዎን ከነጠላው ያውጡ» አልኩ።

ፊታቸው በራ። «ጓንቱ መጣ እንዴ?» አሉና እጃቸውን በሃያ ሁለት ዘመዶቻቸው ፊት ዘረጉልኝ።

እጃቸው እንደተዘረጋ ቆየ። ከዚያ ገባቸው መሰለኝ ቀስ ብለው ወደ ነጠላው መለሱት። የራሳቸው ምራት ከአጠገባቸው ተነሥታ ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

የኔአለም ከጓዳ ወጥታ ነበር። ሁለት እጇን አየት አደረገችና፣

«አባባ፣ ማን ነገረህ?» አለችኝ።

«ትህትና» አልኳት።

«ዘመድ ናቸው አለችህ?»

«አይደሉም አላለችኝም።»

«እኔ ደግሞ ስትወደኝ አይቼህ አላውቅም፤ ግን አትወደኝም ብዬ አልወሰድኩትም» አለች። ወደ ጓዳ ተመለሰች። ይህን ንግግር እስከ ዛሬ የት ፋይል እንደማደርገው አላውቅም።

ዋለ ሚያዝያ 26 ቀን አገባ፤ ድግሱ ተደግሶ፣ ጥሪው ተጠርቶ ስለነበር ቀኑን አልቀየሩትም። ሙሽራዋን ብቻ ቀየሩ። ከአቀስታ ሰዎች አንዱ «ምትክ ያለው ሰው አይጎዳም» አለ አሉኝ፤ የአንቺ ዓሣ ትዝ አለችኝ። እኛ ቤት ካርቦን አልነበረም።

የኔአለም ታስተምራለች። ጠባሳው ምን እንደሆነ አሁን ከተማው ሁሉ ያውቃል። በጣት መደመር ስታስተምር አንዱ ተማሪ «ቲቸር፣ ስድስትን በአንድ እጅ አሳዪን» ብሎ ክፍሉን በሳቅ ገደለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠመኔ የምትይዘው የላክሽውን ሰማያዊ ጓንት አድርጋ ነው። ወደ አጅባር ለመዛወር ማመልከቻ ጻፍልኝ አለችኝ፤ ጻፍኩላት። በሕይወቴ ከጻፍኳቸው ሁሉ አጭሩ ነው።

ሰዎቹ አሁንም ስለ ጓንቱ ይጠይቁኛል።

አጎትሽ ወንድዬ


በርገን
ነሐሴ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ወንድዬ፣

እንኳን ለዘመን መለወጫ በሰላም አደረስዎ፤ መጪው ዓመት የደስታና የበረከት ይሁንልዎ።

ደስ የሚል ዜና አለኝ። ጽሑፋችን ወጣ! ቅጂውን በዚሁ ፖስታ ልኬአለሁ። ኮንትራቴም ለሦስት ዓመት ታደሰ። ይህ ሁሉ የእርስዎ ድካም ውጤት ነው፤ በምስጋናው ክፍል «በጎ ፈቃደኛ ለሆኑት ቤተሰቦች» የሚለው እናንተ ናችሁ።

ዋናው ግኝት እንዲህ ነው። የመካነ ሰላሙ ቤትና የአቀስታው ቤት የተሰበረባቸው አንድ ጂን ነው፤ የተሰበረበት ቦታ ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። ማለት ስብራቱ ሁለት ጊዜ፣ በሁለት የማይገናኙ አያቶች ላይ ለየብቻ ደርሷል። የቀረውንም የጂን ጽሑፋቸውን አስተያይተናል፤ የሚታይ ዝምድና የለም። ባይገርምዎ ጽሑፉን ከፍ ያደረገው ይህ ነው፤ ዘመድ ቢሆኑ ኖሮ አንድ ምሳሌ ብቻ ይሆን ነበር፣ አሁን ሁለት ሆነልን።

በግንቦት የጻፉልኝን አንብቤ በጣም አዘንኩ። እንዲረዱኝ የምፈልገው፣ ጽሑፉ ሳይወጣ ውጤቱን ለማንም መናገር ክልክል ነበር። ተመሳሳይ ሥራ የያዘ ሌላ ላብራቶሪ ነበር። ደብዳቤዎቹን ደግሞ ሃሩን እንደሚያነባቸው ራስዎ ነዎት የጻፉልኝ።

የኔአለም ገና ወጣት ናት፣ እግዚአብሔር የራሷን ያመጣላታል።

ልጅዎ ዶክተር ትህትና


መካነ ሰላም
ጥቅምት 2 ቀን 2018 ዓ.ም.
ጉዳዩ፦ ጽሑፉ ስለመድረሱ

ለዶክተር ትህትና፣ ሰላም ለአንቺ ይሁን።

ሃሩን ደብዳቤሽን ሲሰጠኝ ዓይኔን አላየም፤ ከዚያ አነበብኩት። «ወላሂ ጋሽ ወንድዬ፣ ለማን እነግርባት ኖሯል?» አለኝ። እኔም አላውቅም አልኩት። የሚያውቀው ሌላ ላብራቶሪ እንደሌለ ግን ምሎልኛል።

እትዬ የሺእመቤት በሐምሌ አረፉ። ከቆጠራው በኋላ ቤተሰቡ ገበታ ለይቶላቸው ነበር አሉ። ለቅሶ ለመድረስ ሄጄ ከደጅ መለሱኝ። የዋለ ሚስት ነፍሰ ጡር ናት። የኔአለም አጅባር ገብታለች፤ በሰው በኩል ደህና ነኝ ትላለች፣ በራሷ በኩል ምንም አትልም።

ጽሑፉን በመዝገበ ቃላት አሥራ ስምንት ቀን ሙሉ አነበብኩት። ሃያ ሁለት ገጽ ነው፤ ሃያ አንዱ ስለ ዓሣ ነው። እኛ ያለነው መጨረሻው ላይ ነው፤ የኔአለም «ስድስት መስመር ሰባት» ተብላለች፣ እትዬ የሺእመቤት «ሁለት መስመር አንድ»። የአሮጊቷ እጅ በራጅ ወጥቷል፣ ግልጽ ነው። የወርቄን ስም ፈልጌ አጣሁት፤ ባዶ አራት ማዕዘን ሆኗል፣ ላዩ ላይ ተሰርዟል፤ ሞተ ለማለት ነው መሰለኝ።

ዝምድና እንደሌለ አስታውቄ ጽሑፉን ለየኔአለም አጅባር ልኬላት ነበር። ሳትከፍተው መለሰችው፤ ከላዩ ላይ ጠመኔ በነካው እጇ «መቼ አወቀች?» ብላ ጽፋበታለች። ያንን ፍለጋ እንደገና ገለጥኩት። በመጨረሻው ገጽ ግርጌ፣ ከሁሉ ባነሰ ፊደል፣ ሠላሳ አንዱ ናሙና የተነበበው በፈረንጆች ጃንዋሪ 22 ነው ይላል። በእኛ ጥር 14 ቀን ነው፤ የአሮጊቷን ራጅ ላኩልኝ ብለሽ ከመጻፍሽ ሃያ ስድስት ቀን በፊት።

ወንድዬ